የአባቴን ዓይን ይዤ ወደ ሞጣ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያው ቀዝቅዟል። ረዳቶቹ "ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ" እያሉ በየበሩ ይጣራሉ፤ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወንበሩን ይፈልጋል። ለእኔ የመስኮት ወንበር ደረሰኝ። እግሬ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ለአባቴ የገዛሁት ሹራብ፣ አንድ እሽግ ጧፍና አንዲት የታጠፈች ወረቀት አሉ። ሹራቡንና ጧፉን እሰጣቸዋለሁ። ወረቀቷን ደብቄያታለሁ።

አባቴ ቢቸና ውስጥ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸውም ጎረቤቱም "የኔታ" ይሏቸዋል፤ "አባ" የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰዋል። መጀመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ተዉ። ቀጥሎ ሰውን በድምፁ መለየት ጀመሩ። አሁን ቀኑን ከማታው ብቻ ነው የሚለዩት። ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ የሰጠኝ እሱ ነው፣ ሲፈቅድ ይመልስልኛል። እኔ አዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ የማስተምር ሴት ነኝ። ከቅኔ መምህር ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው እትዬ ደስታ ደወሉልኝ። ሞጣ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፣ ሞራ ያለበትን ሁሉ በነጻ ይገፍፋሉ፣ እስከ ዓርብ ብቻ ነው አሉኝ። "እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም። አንቺ ነይና እንደምንም አድርጊ" ብለው የመመዝገቢያውን ስልክ ሰጡኝ። ደውዬ አስመዘገብኳቸው፤ የተራ ቁጥር ሰጡኝ፣ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የደበቅኳት ወረቀት ይህች ናት።

ለአባቴ የነገርኳቸው ሌላ ነው። ከሞጣ ወጣ ብሎ የቅዱስ ሩፋኤል ጸበል አለ። ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ እዚያ ለመድረስ ሲመኙ፣ ወሳጅ አጥተው ቀርተዋል። በስልክ "እኔ ልውሰድዎት" አልኳቸው። የጸበሉ ነገር እውነት ነው። ከጸበሉ በኋላ ያለውን ግን አልተናገርኩም። ከርዕሰ መምህሩ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ስጠይቅ እንኳ ይህን ያህል አልተሸማቀቅሁም።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል፣ ዓባይ በረሃ

ከጎሃ ጽዮን በኋላ መሬቱ ድንገት ያልቃል። አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ ገደሉ አዘንብሎ፣ በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል። ጋቢው ሁሉ ወለቀ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ከተሳፋሪ የሚወረወር ዳቦ ይጠብቃሉ። አስፋልቱ እዚህም እዚያም አብጦ ተሰነጣጥቋል።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ዳዊት መድገም ጀመሩ፤ በልዑል መጠጊያ ውስጥ ስለሚያድር ሰው የሚናገረውን። ጮክ ብለው አልነበረም። አጠገባቸው ያለው ወጣት ስልኩን አጠፋና አብሯቸው ቀጠለ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ያሉት፤ ከዚያ ግማሹ አውቶቡስ። ለዓመታት አልደገምኩትም ነበር። አፌ ግን ከእነርሱ ጋር ሄደ፤ አንድም ቃል አልጎደለብኝም። አባቴ በልጅነቴ ያስጠኑኝ ነው። እሳቸው ያስተማሩኝን እየደገምኩ እሳቸውን ላታልል መሄዴ ትዝ ሲለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ድልድዩ ላይ ሁላችንም ወረድን። መታወቂያችን ታየ፤ ቦርሳችን ተፈተሸ፤ በእግራችን ተሻገርን። ከታች ዓባይ ጭቃ መስሎ ይሄዳል። ማዶ ስንሳፈር ሾፌሩ ተሳፋሪውን ቆጥሮ፣ ሙሉ መሆናችንን ሲያይ አማተበ። ይህ መንገድ ሰሞኑን ሲዘጋና ሲከፈት ነው የከረመው።

ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት፣ ቢቸና

ደጀን ላይ ምሳ በላን፤ ቀይ ወጥ ከእንቁላል ጋር፣ ሁለት መቶ ብር። ከዚያ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከየትመን ጀምሮ እስከ ቢቸና ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው፤ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ለነፋሱ ተኝቷል። አጫጆቹ ቀና ብለው አውቶቡሱን ያዩና መልሰው ያጎነብሳሉ።

አባቴን ደጃቸው ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእግሬን ኮቴ ሰምተው "ዝናሽ ናት" አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ዓይናቸውን አየሁ። ብሌናቸው ወተት መስሏል። እጃቸውን ፊቴ ላይ አድርገው ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ዳሰሱ። ከስታለች አላሉም፣ ወፍራለች አላሉም።

ራት ላይ ጉዞውን አነሳሁ። ነገ በጠዋት ወደ ሞጣ፣ ከነገ ወዲያ ጸበሉ አልኳቸው። እሺ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ እሺ አሉ። ከዚያ ለመቆየት ስንት ቀን እንዳሰብኩ ጠየቁ። እስከ እሑድ አልኩ። ለአንድ ጸበል ለምን ይህን ያህል ቀን እንደሚያስፈልግ ጠየቁ። ድካም እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው አልኩ። ከተናገርኩት ይልቅ ያልተናገርኩትን ሲያዳምጡ ታወቀኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ቃል ሁለት ፍች ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ተነሥተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከነማኅደሩ ከግድግዳው አወረዱ፤ ነገ ይዘውት እንዲሄዱ በትራስጌያቸው አስቀመጡት።

እትዬ ደስታ ለሽኝት ብለው ሲመጡ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አልነገርኳቸውም ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ 3 ሰዓት፣ ፈለገ ብርሃን

ከቢቸና በሚኒባስ ተነሣን። ሾፌራችን ሙሉቀን ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አባቴን ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ቀበቶውን ራሱ አሰረላቸው። ደብረ ወርቅ ላይ አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን አቅጣጫ ሳይነገራቸው አውቀው አማተቡ። እዚያ ነው ቅኔ የተማሩት።

ፈለገ ብርሃን ስንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ፊት ለፊታችን ሁለት አውቶቡስና አንድ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆመዋል። ወደፊት ያለው መንገድ ሰላም እስኪሆን ጠብቁ ተባልን። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፈለገ፤ ሙዝ የያዙ ሴቶች መጡ።

አንድ ሰዓት ቆየን፤ ሁለት ሰዓት ቆየን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ምርመራው ነገ እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ዛሬ ሞጣ ካልገባን ሁሉ ነገር ይቀራል፤ እነዚህ ሐኪሞች ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ገመዱ ድረስ እየሄድኩ እመለሳለሁ። አባቴ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ "ጸበሉ የትም አይሄድ። ምን ያስቸኩልሻል?" አሉኝ። ወደ ገመዱ ተመለስኩ።

ሙሉቀን ጎማው ላይ ተደግፎ ሙዝ ይልጣል። በዚህ መንገድ በየቀኑ መሥራት አያስፈራም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"ጠዋት ስወጣ ልጆቼን ተሰናብቼ አልወጣም" አለኝ። "ማታ እንደምመለስ ሰው ዝም ብዬ ነው የምወጣ። የቀረውን እሱ ያውቃል። እስካሁን ሁልጊዜ መልሶኛል።"

ሙዙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአባቴ ሰጣቸው። እሳቸውም እጁን ይዘው፣ የክርስትና ስሙን ጠይቀው መረቁት። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ሙሉቀን እስኪያልቅ ድረስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ገመዱ ወረደ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ሮጦ ገባ። ጉንደ ወይንን፣ ቀራንዮን እያለፍን አሥር ሰዓት ላይ ሞጣ ገባን። ሙሉቀን ሞተሩን ሲያጠፋ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ሲወርድ ተሰማኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰቅዬው ነው የዋልኩት። አልጋ ያዝን፤ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል። የረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝን። አባቴ ከምግቡ በኋላ ረጅም ጸሎት አደረጉ። በጸሎታቸው መካከል ስሜን ጠሩ፤ የሚሉትን ግን አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ 1 ሰዓት፣ የቅዱስ ሩፋኤል ጸበል

ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወሰደን። ከዚያ ቁልቁለት ነው። አባቴ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው ክንዴን ይዘው ወረዱ። እኔ "ድንጋይ"፣ "ጉድባ"፣ "አሁን ደልዳላ" እላለሁ። በልጅነቴ ሲያስተምሩኝ ጣቴን በመጽሐፉ መስመር ላይ ይዘው እንደሚወርዱት፣ አሁን እኔ እሳቸውን ይዣለሁ።

ጸበሉ ከአለት ሥር ይወጣል። በሸንበቆ አሸንዳ ተቀብለው፣ በቆርቆሮ በተከለለ ቦታ ያወርዱታል። ወረፋው ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ራሱን በነጠላ ያሰረ ገበሬ፣ በቃሬዛ የመጡ ሽማግሌ አሉ። ወረፋውን የሚያስይዙት እማሆይ አባቴን ሲያዩ ከፊት ሊያስገቧቸው ፈለጉ፤ አባቴ እንደ ሰው ተራዬን እጠብቃለሁ ብለው ቆሙ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ተራችን ሲደርስ ወደሚያጠምቁት ቄስ ቀረብ ብዬ፣ ውኃው አባቴ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ በሹክሹክታ ለመንኳቸው። ቄሱ አንዴ አዩኝ፤ ምክንያቱን አልጠየቁም። ከራሳቸውና ከጀርባቸው ላይ አፈሰሱላቸው፤ በጣሳ አጠጧቸው፤ በመስቀሉ ግንባራቸውንና ሁለቱን ዓይኖቻቸውን ዳሰሱ። አባቴ ከብርዱ የተነሣ ይንቀጠቀጡ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ያላየሁት ነገር ነበር፤ ሕፃን ታጥቦ ሲወጣ የሚመስለው ዓይነት።

ልብስ አልብሻቸው፣ አዲሱን ሹራብ ደርቤላቸው፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ወይራ ሥር ተቀመጥን። ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ነው። እንሂድ ልላቸው አፌን ስከፍት መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ሰጡኝ።

"የጦቢትን ታሪክ አንብቢልኝ።"

በቃልዎ ያውቁት የለም ወይ አልኳቸው። በቃል ማወቅና በሰው አፍ መስማት አንድ አይደለም አሉ። አነበብኩ። ጦቢት ደግ ሰው ነበር። ዓይኑን ነጭ ነገር ሸፈነው። ልጁን ሩቅ አገር ላከው። ልጁ መንገድ የሚመራው ሰው አገኘ፤ ያ ሰው መልአኩ ሩፋኤል መሆኑን ግን አላወቀም። በወንዙ ዳር ትልቅ ዓሣ ያዙ። መልአኩም ሐሞቱን አውጥተህ ያዝ፣ ለዓይን መድኃኒት ይሆናል አለው። ልጁ ወደ ቤት ተመለሰ። አባቱ እየተደናቀፈ ሊቀበለው ወጣ። ልጁም ሐሞቱን በአባቱ ዓይን ላይ...

እዚህ ላይ አቆምኩ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ።

አባቴ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "ይኸው መጣ" አሉ ቀስ ብለው። "አዲስ አበባ ልትወስጂኝ ነው አይደል?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እኔ እኮ ያስመዘገብኳቸው እዚህ ሞጣ፣ የዓይን ሐኪሞች ዘንድ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእትዬ ደስታን ስልክ፣ ወረቀቷን፣ ምርመራው ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ። አዲስ አበባ የሚባል ነገር በሐሳቤም እንዳልነበረ ነገርኳቸው።

አባቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ተመስገን" አሉ። ከዚያ ሣቁ። እንደዚያ ሲሥቁ እናቴ ከሞተች ወዲህ አልሰማሁም።

"እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ከአንቺ እንዲያስጥለኝ ነው የምለምን" አሉኝ። "ዓይነ ስውር ሽማግሌ ብቻውን አይኖርም ብላ ከደብሬና ከተማሪዎቼ ልትነቅለኝ ነው፣ ጸበሉን ምክንያት አድርጋ መኪና ላይ ልታወጣኝ ነው ብዬ። ሌሊቱን አልተኛሁም።"

እኔም አልተኛሁም ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት አልጋ ላይ፣ አንዳችን ሌላችንን ፈርተን ነው ያደርነው።

ከዚያ ሣቃቸው አለቀ። ስለ አንድ የትምህርት ጓደኛቸው ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ጨርሶ ሳያይ ተመልሷል። ዘግይቶ ሄዶ ይሁን፣ ሕመሙ ሌላ ይሁን አያውቁም። እጁን ይዘው ከመኪና ያወረዱት ግን እሳቸው ናቸው።

"ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈራሁ። ፍርሃቴንም እምነት ነው እያልኩ ስጠራው ኖርኩ። ሰውን ማታለል ይቻላል፤ እሱን ግን..." ወደ ጸበሉ አቅጣጫ አገጫቸውን አነሡ። "መልአኩ ለልጁ ሐሞቱን ያዝ ነው ያለው። ተቀምጠህ ጠብቅ አላለውም። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ መሰለሽ። ስንት ሰዓት ሆነ?"

ሐሙስ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሞጣ

ከጸበሉ ስንነሣ አራት ሰዓት ሊሆን ነበር። ዳገቱን ወጣነው። አባቴ ከእኔ ይልቅ ቸኩለዋል፤ ድንጋዩን ሳልነግራቸው ይረግጣሉ፣ ይደናቀፋሉ፣ ይነሣሉ። ላይ ስንደርስ ባጃጅ የለም። በእግራችን ጀመርን። ዋናው መንገድ አጠገብ ድንጋይ የጫነ ትራክተር ቆመልን፤ ተጎታቹ ላይ፣ በድንጋዩ ላይ ጋቢ አንጥፈን ተቀመጥን። የአባቴ ነጭ ጥምጥም በአቧራ ቀይ ሆነ።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ ነርሷ መዝገቡን ልትዘጋ ነበር። ወረቀቷን ሰጠኋት። ቁጥሩን አየችና "ስንጠራዎት ነው ያረፈድን፣ አባባ" አለች።

በመብራት እያዩ መረመሯቸው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ብቻ ነው፣ ነገ ይወጣል ተባለ። ግራው ሌላ ምርመራ ይፈልጋል፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የደም ግፊታቸው ግን ከፍ ብሏል፤ ካልወረደ ነገ አይገቡም። ነርሷ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ጠየቀቻቸው። ጸበል፣ ዳገትና ትራክተር አሉ። ሣቀችና ማታ ደኅና አድርገው እንዲተኙ ነገረቻቸው።

ተኙ። እያንኮራፉ ነው የተኙት። እኔ ያን ድምፅ እየሰማሁ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ረፋድ

ግፊታቸው ወርዷል። አረንጓዴ ልብስ አልብሰው፣ ራሳቸውን ሸፍነው፣ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ደረደሯቸው። ጥምጥማቸውን አቅፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያለ ጥምጥም ትንሽ ሰው ሆኑብኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። እንዳይንቀሳቀሱ አደራ አለቻቸው። አባቴ ዳዊት መድገም ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ።

"በልብዎ ይድገሙ" አለቻቸው። "አፍዎ ሲንቀሳቀስ ዓይንዎም ይንቀሳቀሳል። እኔም በልቤ አግዝዎታለሁ።"

በሩ ተዘጋ። ግቢው ውስጥ ቆምኩ፤ ተቀመጥኩ፤ እንደገና ቆምኩ። በአውቶቡሱ ውስጥ የሰማሁትን ዳዊት ከራሱ ጀምሬ ደገምኩ፤ ስጨርስ መልሼ ጀመርኩ። የምለምነው ምን እንደሆነ ልናገር፤ እንዲያዩ ብቻ አልነበረም። ካላዩም እንዳይሰበሩ፣ እኔንም እንዳይቀየሙኝ ነበር። እዚህ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ጓደኛቸውን ከመኪና እንዳወረዱት፣ እኔም እሳቸውን እንዳላወርድ ፈራሁ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ ነርሷ ይዛቸው ወጡ። ሕመም እንዳልነበረው ነገሩኝ። ከሁሉ የከበዳቸው ዝምታው ነው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳዊት ያለ ድምፅ ደገሙ።

ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት ተኩል

ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ፋሻ ያደረጉ ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው፣ ሚስቶቻቸው፣ ባሎቻቸው ከኋላ ቆመዋል። ነርሷ ከዳር ጀምራ ፋሻውን ታነሣለች፤ ሐኪሟ ጣቷን እያሳየች ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች። ከአባቴ በፊት የነበሩት አሮጊት ፋሻው ሲነሣላቸው ወደ ሐኪሟም ወደ ልጃቸውም አላዩም፤ የገዛ እጃቸውን ገልበጥ እያደረጉ ተመለከቱ።

አባቴ ጋ ደረሱ። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ፋሻው ተነሣ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ቀስ ብለው ገለጡ። ወተቱ የለም። ብሌናቸው ጥቁር ነው። ሐኪሟ ሦስት ጣት አሳየቻቸው።

"ሦስት" አሉ። "ቀለበትሽ ነጭ ነው።"

ከዚያ ራሳቸውን አዙረው ከኋላቸው እኔን ፈለጉ። አገኙኝ። አፈጠጡብኝ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። ማክሰኞ በእጃቸው የሄዱበትን መንገድ አሁን በዓይናቸው ሄዱበት።

"ዝናሽ" አሉ። "ጸጉርሽ ሸብቷል እኮ።"

እኔ ልሥቅ ፈልጌ አለቀስኩ። ከአጠገባችን የቆመ አንድ ገበሬ፣ የማላውቀው ሰው፣ አብሮኝ አለቀሰ። አባቴ ተነሥተው ሐኪሟን ሊመርቁ ሲጀምሩ ግቢው ሁሉ አሜን ማለት ጀመረ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ተቀበለች፤ ቀጣዩ ታካሚ እየጠበቃት እንኳ አልተቻኮለችም።

ለመውጣት ስንል አባቴ ነርሷን አስቁመው የግራው ዓይን መቼ እንደሚታይ ጠየቋት። የሚፈሩ አይመስሉም ነበር።

እሑድ፣ 8 ሰዓት፣ ቢቸና

ሞጣ ላይ ቅዳሴ አስቀድሰን ተነሣን። መንገዱ ክፍት ነው፤ ገመድ አልገጠመንም። አባቴ የመስኮቱን ወንበር ወሰዱብኝና እስከ ቢቸና መስኮቱን አልዘጉትም። ፀሐዩ እንዳይጎዳቸው የተሰጣቸውን ጥቁር መነጽር በጥምጥማቸው ሥር አድርገው፣ ያዩትን ሁሉ ይነግሩኛል፤ የጤፍ ክምር፣ አህያ፣ የቆርቆሮ ቤት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነገራቸው ብዙ ነገር ተሠርቷል።

ከተማ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ማንበብ ጀመሩ። የየሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ተሳፋሪው ይሰማል። "ስጋ ቤት" የሚል ሲያዩ ፊታቸውን አጨማደዱ። "ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፍ" አሉ። ቀጥሎ ያለው ጸጉር ቤትም በፀሐዩ ፀ ተጽፎ አገኙት። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት፤ መናኸሪያ ስንደርስ ግን ተቆጥተዋል።

ሐኪሟ የሰጠቻቸው የዓይን ጠብታ ለሁለት ሳምንት ስለማይበቃ ሌላ ብልቃጥ መግዛት ነበረብን። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ክንዳቸውን ልይዝ ስል ትተውኝ ቀደሙ። መንገዱን ግራና ቀኝ አይተው ተሻገሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ቀና ብለው አነበቡ፦ "መድሃኒት ቤት"።

ባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ልጅ አወቀቻቸው። "የኔታ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት" አለች፤ ዓይናቸውን ልታይ ጎንበስ ብላ። ማዘዣውን ሰጠኋት። አባቴ ግን ጠብታውን አልጠየቁም።

"ልጄ፣ ደጃፍሽ ላይ ያለውን ማን ጻፈው?"

ሠዓሊ መሆኑን ነገረቻቸው።

"በይ ንገሪው። በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፍ። ይህ የጌታ ስም ነው፤ እንዲሁ አይጻፍም።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። አባቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁ። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እየደረሰ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉ፤ መድኃኒት። ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል። አይተው አልወደዱትም። ከሥሩ አስተካክለው ደገሙት።